«የኔ ቢጤ» በጀርመንኛ

ፍራንክፈርት ውስጥ በማታ «ሴ አይንስ» የሚባለውን የጀርመንኛ ደረጃ ስማር፣ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ማይነስግላይሸን» ብላ ጻፈች። ማይነስ ያው የእኔ ነው፤ ግላይሽ ደግሞ እኩል፣ ተመሳሳይ። ከጎኔ የተቀመጠው የጎጃም ልጅ ጠጋ አለና «የኔ ቢጤ ማለቷ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ሁለታችንንም ሳቅ አፈነን።

«ምን ያስቃል?» ስትል መከራችንን አየን። ጀርመኑ «ማይነስግላይሸን» ሲል እኩዮቹን፣ በሥራም በኑሮም የሚመስሉትን ሰዎች ነው። የእኛው «የኔ ቢጤ» ደግሞ ደጀ ሰላም ቁጭ ብሎ «ስለ ማርያም» የሚለው ሰው ነው። «ለማኝ» ማለት ስለሚከብድ «እኔን መሳይ» ብለን በክብር ጠራነው፤ ውሎ አድሮ ክብሩ ተረሳና ቃሉ ራሱ ለማኝ ሆኖ ቀረ። ይህን በተሰባበረ ጀርመንኛ አስረዳናት። በጥሞና ሰማችንና «በጣም ቆንጆ ነው፤ ፈተና ላይ ግን እንዳትጽፉት» አለችን።

ጌኒቲቭ የሚሉት አገባብ ስም ላይ ሲሆን አያስቸግርም፤ የእኛን «የ» ሥራ ይሠራል። የከተማው ከንቲባ፣ የመኪናው ጎማ፣ አለቀ። ጉዱ የሚመጣው ተውላጠ ስሙ ራሱ ጌኒቲቭ ሲሆን ነው፦ ማይነር፣ ዳይነር፣ ዛይነር፣ ኢረር፣ ኡንዘር። ሲያዩዋቸው «የእኔ፣ የአንተ፣ የእሱ» ይመስላሉ፤ ግን የማንም ንብረት አይደሉም። አንዳንድ ግሥ ስለሚፈልጋቸው ብቻ የሚመጡ ናቸው። «ኢሽ ሼመ ሚሽ ዳይነር» ይላል ጀርመኑ። እኛ በአንዲት ቃል «አፈርኩብህ» የምንለውን እሱ አራት ቃል ደርድሮ፣ መጨረሻ ላይ የአንተ የሚመስል ነገር ይለጥፍበታል። ሰማያዊዋ ትንሽ አበባ «ፈርጊስማይንኒሽት» ስትባል «አትርሳኝ» ማለት ነው፤ መሐሏ ላይ ያለችው «ማይን» የድሮው ማይነር ናት። የአበባ ስም ሆና ተረፈች።

እኔን የገባኝ ከክፍል ውጭ ነው። አንድ እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ጋብዛኝ ወደ እነሱ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቁርባኑ በፊት «የእግዚአብሔር በግ» እያሉ ሲዘምሩ በየመሐሉ «ኤርባርም ዲሽ ኡንዘር» ይላሉ። «ማረን» ነው። ኡንዘር እዚህ ላይ «እኛን» ሆነ ማለት ነው። በዚያው ጸሎት ላይ ደግሞ «ፋተር ኡንዘር» ብለው አባታችን ሆይን ደገሙ። ያው ኡንዘር፣ አሁን «የእኛ» ሆነ፤ ያውም ከአባት ቀጥሎ። ክው አልኩ! ይሄማ የግዕዟ «ነ» ናት። «እግዚኦ ተሠሃለነ» ስንል እኛን ናት፤ «አቡነ ዘበሰማያት» ስንል የእኛ ናት። በልጅነቴ የኔታ በኩርኩም ያስገቡልኝን ነገር፣ በዚህ ዕድሜዬ ገንዘብ ከፍዬ ስማረው ከርሜያለሁ።

ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 እዚህ ጀርመን ጎታ ቤተ መንግሥት ድረስ መጥተው ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ሲያስተምሩት ይህቺን «ነ» አንሥተዋት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 የታተመው እዚሁ እኔ በምኖርበት ፍራንክፈርት ነው። ታዲያ እዚህ ከተማ አማርኛ ስናወራ ባቡር ላይ «ምን ቋንቋ ነው?» ይሉናል።

ከሁሉም የፈተነኝ «ማይኔትቬገን» ነው። መዝገበ ቃላቴ «በእኔ ምክንያት» ይላል። የምሠራበት አልተርስሃይም (የአረጋውያን መጦሪያ ነው) አንድ ቀን አለቃዬን አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ እንድወጣ ጠየቅሁት። ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ማይኔትቬገን» አለኝ። «በእኔ ምክንያት ነው የምትሄደው?» ያለኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ኧረ በፍጹም! ከእርስዎ ጋር ምንም ነገር የለኝም፣ የልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ ስላለ ነው» ብዬ መማል ቀረሽ። ትኩር ብሎ አየኝ። ለካ «ለእኔ እንደሆነ ግድ የለኝም፣ ሂድ» ማለቱ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ቃሉን ሸሸሁትና እንደ ሥራ ባልደረቦቼ «ቬገን ሚር» ማለት ጀመርኩ። ትርጉሙ ያው ነው፣ ግን ጌኒቲቭ ሳይሆን ዳቲቭ የሚሉት ሌላ አገባብ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ራሱ የአፍ ንግግር ብሎ ያልፈዋል። ዘጠና የደፈኑ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉን። «ቬገን ሚር እንዳይነሡ» ስላቸው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «ማይኔትቬገን!» ይሉኛል፤ ስማቸውን ሲረሱ እንኳ ጌኒቲቩን አይረሱም። በዚያው ፎቅ ካሉት ወጣት ነርሶች ግን ከአንዳቸውም አፍ ሰምቼው አላውቅም። ፈተና ላይ እኔ ነጥብ የተቀነሰብኝ እነሱ ቀኑን ሙሉ በሚናገሩት ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ቃላት መሐል አንዷን ብንዋስ አይከፋኝም፤ «ዴሰን»ን፣ «የኋለኛው» እንደ ማለት ናት። «አበበ ከከበደና ከሚስቱ ጋር መጣ» ብንል ሚስቲቱ የማን ናት? በእኛ ሰፈር ይህቺ ዓረፍተ ነገር ስንት ቤት ልትበጠብጥ ትችላለች! ጀርመኑ ዴሰን ካለ ሚስት የከበደ ናት፣ ሐሜትም የለም።

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፣ የተወለደችው እዚሁ ነው። ባለፈው ትምህርት ቤት አረፈደችና «ፓፓ፣ ቬገን ዲር ነው ያረፈድኩት» አለችኝ፤ በአንተ ምክንያት ማለቷ ነው። «ዳይኔትቬገን ነው የሚባለው» ብዬ አረምኳት። «እንደዚህ የሚያወራ ሰው የለም፣ የመጽሐፍ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ጀርመኖቹ ለቋንቋቸው ግድ የላቸውም እያልኩ ቡና ላይ ለጓደኞቼ አማኋቸው።

የራሴ ቤት ጉድ የታየኝ እናቴ ጋ ስንደውል ነው። አማርኛ እናቴ፣ ቤቴ፣ እጄ ብሎ ባለቤቱን ከስሙ ጭራ ላይ ያስራል። ልጄ ግን የጀርመንኛውን «ማይነ ሙተር» ቃል በቃል እያወረደች «የእኔ እናት»፣ «የእኔ ቤት»፣ «የእኔ እጅ» ነው የምትለው። ስሕተት ስላልሆነ ማናችንም አርመናት አናውቅም።

«እንደምን ነሽ የኔ እናት?» አለቻት እናቴ ከአዲስ አበባ።

«ደህና ነኝ እማማ። የእኔ እናት ሥራ ሄደች።»

መስመሩ ለአፍታ ጸጥ አለ።

«ማን ነው የሄደው?»

«የእኔ እናት!»

«እኔማ የት እሄዳለሁ፣ የኔ ቆንጆ። ይኸው እቤቴ ቁጭ ብያለሁ።»

ልጄ ስልኩን በእጇ ከደነችና ወደ እኔ ዞራ በጀርመንኛ «ፓፓ፣ እሷ አያቴ አይደለችም እንዴ? ለምንድን ነው እኔን እናቴ የምትለኝ?» አለችኝ። ከየት እንደምጀምርላት ሳስብ፣ ከጣቶቿ ሥር የእናቴ ድምፅ ይሰማል፦ «ሄሎ? ሄሎ? ጠፋሽ እኮ፣ የኔ እናት!»