ድህነት ከምሳ በፊት ይቀንሳል

ድሬ ዳዋ ላይ ድህነት መቀነስ የሚጀምረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳ ስለሚደርስ ያቆማል።

ይህን የምላችሁ በዓይኔ አይቼ ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ኤሲው እንደ ሐረር ሌሊት በሚያንቀጠቅጥ አዳራሽ ተቀምጬ፣ አንድ የውሃ ፕሮጀክት የሰፈራችንን ድህነት ስንት እንደሚቀንሰው ሲገመገም አይቻለሁ። ፕሮጀክቱ ገና አልተጀመረም። ማን ምን እንደሚያገኝ ግን ከወዲሁ ታውቋል። እኛ ማታ መብራት ይኑር አይኑር አናውቅም። እነሱ ከአምስት ዓመት በኋላ በአንዲት እማወራ መቀነት ውስጥ ስንት ብር እንደሚቋጠር ያውቃሉ። ጠንቋይ ቢሆኑ እንከስሳቸው ነበር። አማካሪ ናቸውና አጨበጨብን።

ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። የድህነት ተፅዕኖ ቅድመ ግምገማ ይባላል። ኦኢሲዲ የሚባለው፣ አብዛኞቹ አባላቱ ሀብታም አገሮች የሆኑበት ድርጅት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቶለታል። ጥያቄው ቀላል ነው። ብሩ ሳይወጣ በፊት፣ ማን ይጠቀማል? ማን ይጎዳል? በየት በኩል? መንገዶቹ ስድስት ናቸው፦ ዋጋ፣ ሥራ፣ ታክስና ድጎማ፣ አገልግሎት ማግኘት፣ ሥልጣን፣ ንብረት። ከዚያ በየሳጥኑ ምልክት ይገባል። በጣም ከጠቀመ ሁለት መደመር፣ በጣም ከጎዳ ሁለት መቀነስ። መመሪያው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጨዋ ነው። መረጃችሁን ከየት አመጣችሁት፣ ምን ያህልስ ይታመናል ብሎ ይጠይቃል። የእኛዎቹ ግን መመሪያውን ጥለውት አልፈዋል።

በመጀመሪያ የሰዓት አያያዛቸውን ላድንቅ። መርሐ ግብሩ መደመሩን ጠዋት፣ መቀነሱን ከሰዓት አድርጎታል። እንዲህ የሚያቅደው ድሬን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሰው በርጫው ላይ ደገፍ ሲል፣ ስለ ጉዳት ለመነጋገር ወደ አዳራሽ የሚመለስ ማነው? አበሉ እንደሆነ ከምሳ በፊት ተፈርሟል። ስለዚህ የመቀነሱ ሳጥን ባዶውን ሪፖርት ውስጥ ገባ። ባዶ ሳጥን ደግሞ «ጉልህ አሉታዊ ተፅዕኖ አልተለየም» ተብሎ ይነበባል። አቦ፣ ይሄ ጥበብ ነው!

የሰፈራችን አዴ (እናት ማለት ነው) ግን መርሐ ግብሩን አላነበቡም መሰለኝ፣ ጠዋት እጃቸውን አነሱ። ማኅበረሰቡን ወክለው ነው የመጡት።

«ልጄ በአህያ ጋሪ ውሃ ሸጦ ነው የሚያበላኝ። ቧንቧው ሲገባ እሱ ምን ሊሆን ነው?»

ከስድስቱ መንገዶች ሁለቱን፣ ዋጋንና ሥራን፣ ያለ ፕሮጀክተር ጨረሷቸው። አስተባባሪው ደስ አለው። «አዴ፣ በጣም ግሩም ጥያቄ ነው። ፓርኪንግ ሎት ላይ እናስቀምጠው» አለ።

ፓርኪንግ ሎት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት ነው። ጥያቄ እዚያ ይቆምና በኋላ ይመለሱበታል ይባላል። የአዴ ጥያቄ ቆሞ ቀረ። እዚህ ከተማ ባጃጅ እንኳ ያን ያህል ቢቆም ትራፊክ ታርጋውን ይፈታዋል።

ሪፖርቱ ሲወጣ አነበብኩት። (ሳያነቡ ማመስገን ነውር ነው ብዬ እንጂ ማንም አላስገደደኝም።) ተጠቃሚዎች በሚለው ገጽ ላይ «በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች» ይላል። ድሬ ዳዋ ላይ! መጀመሪያ ለሌላ ከተማ ከተጻፈ ሪፖርት የተገለበጠ መስሎኝ ነበር። ኋላ በራሴ አፈርኩ። ቅድመ ግምገማ አይደል? ሐይቁን ያላየነው ገና ስላልመጣ ይሆናል።

የደቻቱ ወንዝ ግን ከዓሣ አጥማጆቹ ያነሰ ቦታ ነው የተሰጠው። የአደጋ ስጋት፦ «ዝቅተኛ»። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ይህን ለማወቅ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ያገኙትን ነጋዴ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ነጋዴው ግን ፓወርፖይንት የለውም።

ለነገሩ ከተማችን ራሷ ያለ ቅድመ ግምገማ የተወለደች ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ውድ ሆነና በ1902 እ.ኤ.አ. እታች ሜዳው ላይ ቆመ። «አዲስ ሐረር» ብለው ሰየሟት፣ ስሙ ግን አልያዘላቸውም። ለድሬ ሁለት መደመር። ወደ ዘይላ ወደብ ለሚወርደው የሐረር ግመል ነጂ ሁለት መቀነስ። ያኔ ወርክሾፕ ቢኖር ሰውዬው ከነግመሉ ፓርኪንግ ሎት ላይ ይቆም ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ። የድሮው ጣቢያ በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ እየሸጡ፣ ባቡሩ አንድ ቀን ይመለሳል ሲሉ የነበሩትን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንክተታቸው? ባቡሩ እኮ በብድር ነው እንጂ በእርዳታ አልተሠራም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ብድር ሲሆን መቀነሱን የሚጽፍልን አበዳሪው ነው።

ትናንት ሌላ ጥሪ ደረሰኝ። ሐሙስ ጠዋት፣ ያው አዳራሽ፣ የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ቅድመ ግምገማ። ለሰፈራችን ይበጃል ወይስ አይበጅም በሚለው ላይ ሐሳባችንን እንሰጣለን። እሄዳለሁ። የቧንቧው ቦይ በራችን ላይ ከተቆፈረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሳንቃ ጥለንበታል፣ እኔ በሱ እሻገራለሁ። የአዴ ልጅ አህያ ግን ሳንቃውን አልረግጥም ብላለች።