ክብር ለሰፈራችን ቦርድ

ደሴ ውስጥ ስኳር የተገኘበት ሰው ሐኪም አጥቶ አያውቅም። ውጤቱን ይዞ ቤቱ ሳይደርስ የሰፈሩ ቦርድ ተሰይሞ ይጠብቀዋል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ፣ መርፌ የለ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ይቀዳል፣ መድኃኒቱ ይታዘዛል። ክብር ይስጥልን!

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት የተሰየመው ቦርድ ደግሞ ለብቻው ነው። በባዶ ሆዷ ተለክታ 218 መጥቶባት ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር ኪኒን ታዞላታል። ጠያቂ ጎረፈ። አንዷ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ፣ አንዱ ለስላሳ አሸክሞ። ስኳር ለያዘው ሰው ስኳር! «እትዬ፣ ኪኒን ከጀመሩ አይላቀቁም» አለች ባለ ሁለት ኪሎዋ።

የቀኑ ጀግና ግን ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው የመጡት ጋሼ ናቸው። ትምህርታቸው አጭር ነው። ስኳር ጣፋጭ ነው፣ ጣፋጭን መራራ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ግራዋ። እሳቸው ራሳቸው ስኳር አለባቸው፤ በሒሳብ ነው የያዙት። አንድ ስኒ ግራዋ ሁለት ማንኪያ ስኳር ይሰርዛል። ሻይ በአራት ማንኪያ ከጠጡ ሁለት ስኒ ይከፍላሉ። ሠርግ ሲጠሩ በሃይላንድ ሞልተው ይሄዳሉ፤ ኬክ ሲቆረስ አንድ ጉንጭ፣ ለስላሳ ሲከፈት አንድ ጉንጭ። ለዒድ ቀብድ ይከፍላሉ፤ ጠዋት ግራዋ፣ ከሰዓት ባቅላባ። አንዳንድ ቀን መራራው ይተርፋቸዋል። ያን ጊዜ ፒያሳ ወጥተው ስኳር የበዛበት ስፕሪስ ያዛሉ፣ ትርፉ እንዳይባክን። ግራዋውን ሲውጡ ፊታቸው ጭምድድ ይላል። «አያችሁ? እየወጣ ነው!»

በዚህ ሳይንስ ከሄድን ጨው የተከለከለ የደም ግፊት ታማሚ ስኳር ይላስ፣ ባለ ስኳሩ ጨው ይላስ። ባልና ሚስት ሆነው አንድ አንድ ከደረሳቸው ማዕድ ላይ ይለዋወጡ። ሁለቱንም የያዘው ምስኪን ምን እንደሚልስ ቦርዱ ገና እየመከረበት ነው።

ቦርዱ ያልደረሰበት ትንሽ ነገር አለ። መራራውን የሚቀምሰው ምላስ እንጂ ደም አይደለም። ከጨጓራ ኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ የኢንሱሊን ሥራ ስኳሩን ከደም ወደ ሴሎች ማስገባት ነው። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ስኳር ሲጀምር ኢንሱሊኑ አለ፤ ሴሎቹ ግን እሺ አይሉትም። ቆሽት አብዝቶ ያመርታል፣ ዓመታት ይለፋል፣ በመጨረሻ ይደክማል። (የእኛ ቆሽት ደግሞ በነገርም ያራል።) ብዙ ሰው በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አይሰማውም። «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ምን አስመረመረኝ» የሚለውን ባለ ቦርጭ ልብ ይሏል።

ዕፅ ናቅህ እንዳልባል፣ ሜትፎርሚንም የዕፅ ዘመድ አለው። ጋሌጋ ከሚባል አውሮፓ ውስጥ ከሚበቅል ተክል የተገኘው ንጥረ ነገር ስኳር ቢቀንስም መርዛማ ነበር። ስለዚህ ኬሚስቶች የሚመስለውን ሌላ ቀመሙ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ወዲህ ለስኳር ሕክምና ውሏል። በሚሊግራም ነው የሚለካው፣ በሃይላንድ አይደለም።

ሐኪሙ አክስቴን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ ብሏት ነበር። ቦርዱ ሻረው። «በዚህ ዕድሜያቸው የደሴን ዳገት?» ተባለና እስከ ሸዋ በር ባጃጅ ተጠራላት።

እስቲ ቀልዱን ላቁም። ሰፈራችን ውስጥ ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው አለ። ምስማር ወግቶት ሳያውቅ ዋለ። ኪኒኑን ያስጣሉት እነዚሁ ናቸው። ቁስሉ ላይ ቅጠል ለጠፉበት፣ «ሐኪም ቤት ከሄድክ ይቆርጡሃል» ብለው አስፈራሩት። ፈራ። ቆየ። ሲሸት ሄደ፣ ተቆረጠ። ሊጠይቁት መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «አላልንህም?» ነውር ነው! በሰው እግር ነው የምትጫወቱት። የጨረታ መኪና ገዝታችሁ እንኳ ያለ መካኒክ አትነኩም፣ የሰው ቆሽት ላይ ግን ማንም ደፋር ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ቦርዱን መበተን ለሚፈልግ ታማሚ አንድ ዘዴ አለኝ። ቤት ያለው የስኳር መለኪያ ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ) ይፈልጋል፣ ስትሪፕ ደግሞ ውድ ነው። ቶና ላይ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ስትሪፕ አልቆብኛል» ይበሉ። አንዱ ሶላት ደርሶበታል። አንዷ ድስት ጥዳ መጥታለች። ጋሼም የኮምቦልቻው ሚኒባስ ሊያመልጣቸው ነው።