«ሲስተሙ አልተቀበለውም» ሲሉን ዝም ብለን አንመለስ

ወገኖቼ፣ ተግሳጼ ለእኛው ለባለጉዳዮቹ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲከለክለን እንከራከራለን፤ አቤቱታ እንጽፋለን፤ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ እንሄዳለን። «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ሲባል ግን ወረቀታችንን አጥፈን እንመለሳለን። የሚከራከሩት ሰው የሌለ ይመስለናል። ይህን ዝምታ ከወዲሁ ካልተውነው ነገ ከባድ ዋጋ ያስከፍለናል። በዓለም ዙሪያ መንግሥታት ማን ድጎማ እንደሚያገኝ፣ ማን እንደሚጠረጠር፣ ማን እንደሚመረመር መወሰኑን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI)፣ ማለትም ከብዙ መረጃ ተምሮ ራሱ ለሚመዝን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እያስረከቡ ነው። በእኛም አገር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የፋይዳ ቁጥርም ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት እየተስፋፋ ነው።

የዝምታችን ምክንያት ይገባኛል። ጉቦ የጠየቀን፣ በዘመድና በዘር የለየን፣ «ነገ ተመለስ» እያለ ያንከራተተን ሰው ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር ዘመድ የለውም» ስንባል ደስ አለን። እስቲ የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ዕጣ እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ 25,491 ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ወጣባቸው። ለዓመታት ከጉሮሯቸው እየነጠቁ የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን በጉጉት ፈለጉ። ቀናት ሳይቆዩ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ መረጃው እንደተጭበረበረ ገልጾ ዕጣውን ሰረዘ። ባንክ ብቁ ናቸው ብሎ የላካቸው ቆጣቢዎች ወደ 79 ሺሕ ነበሩ፤ ዕጣው ውስጥ የገባው ስም ግን ከ172 ሺሕ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያ ፕሮግራም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም፤ ተራ የዕጣ ማውጫ ነበር። ቢያንስ የሚመሳከር የባንክ ዝርዝር ነበረው። የሠሩት ሰዎች እንኳ ለምን እንዲህ እንደወሰነ አፍታተው ሊያስረዱ የማይችሉት ፕሮግራም ሲመጣ ከምን ጋር እናመሳክረዋለን?

አሠራሩ የተሟላ፣ ሀብታም አገር ሲሆን ችግር የለውም የሚል ካለ ኔዘርላንድስን ይመልከት። የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት መዋያ ድጎማ የሚቀበሉ ወላጆችን እየመዘነ የሚጠረጥር ፕሮግራም ነበረው። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ዜግነት ነበር። ለፕሮግራሙ አጠራጣሪ የመሰለው ፋይል ወደ ሠራተኛ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ግን ለምን እንደተጠረጠረ አይነገረውም። ፊርማ ጎደለ፣ ቅጽ በትክክል አልተሞላም ተብሎ የዓመታት ድጎማ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ታዘዘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ተጎዱ፤ ብዙዎች የውጭ አገር ተወላጆች ነበሩ። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ልጆቻቸውን መንግሥት የወሰደባቸው አሉ። ካቢኔው በጉዳዩ ምክንያት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥልጣን ለቀቀ፤ የተበተነውን ቤተሰብ ግን የሰበሰበው ማንም የለም። ልብ በሉ፤ እዚያም ሰው ይፈርም ነበር። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ፊርማ ከማኅተም ያለፈ ዋጋ የለውም።

ለእኛ ደግሞ አደጋው ይብሳል። አንዲት እናት አስቡ። ስሟ በባንክ ደብተሯ ፀሐይ፣ በቀበሌ መታወቂያዋ ጸሀይ፣ በልጇ የልደት ካርድ ላይ ፀሀይ ተብሎ ተጽፏል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ እንደየጸሐፊው ይለያያል። ሰፈሯ ያውቃታል፤ ዕድሯ ይመሰክርላታል። ፊደል በፊደል ለሚያመሳስል ፕሮግራም ግን ሦስት ሰዎች ናት፤ ወይም ደግሞ በሦስት ስም የምትነግድ አጭበርባሪ። የተወለደችው አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ለጥምቀት ሰሞን እንደሆነ እናቷ ነግረዋታል፤ ቀኑን ማንም አልመዘገበውም። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና። መዝጋቢው ቅጹ ባዶ እንዳይሆን መስከረም 1 ብሎ ይሞላላታል፤ ለጎረቤቷም እንዲሁ፤ ለጎረቤቷ ባልም እንዲሁ። ሐሰተኛን እንዲይዝ የተሠራ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ተመሳሳይ የልደት ቀን ሲያይ ምን ይደመድማል? ፊቷን በካሜራ እናረጋግጥ ቢባልም መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ የፊት መለያ ፕሮግራሞችን ፈትሾ፣ አንዱን ሰው ሌላ ነው ብለው የሚሳሳቱበት መጠን ከፍ ብሎ ከታየባቸው መካከል የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች እንደሚገኙበት አሳውቋል። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት እኛ ነን።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉ ሰዎች ናቸው። በቅሎ ያህል ሀብት አጥተው በፍርድ ከሆነ ይቀበሉ ነበር፤ ለአንድ ጭብጦ ግን፣ ምክንያቱ ካልተነገራቸው፣ «በሕግ አምላክ!» ብለው መንገደኛ ያቆሙ ነበር። የእነርሱ ልጆች ሆነን ስለ ጡረታችን፣ ስለ ቤታችን፣ ስለ ልጆቻችን ምክንያት የሌለው ውሳኔ ሲሰጠን «እሺ» ማለት ነውር ነው። ሕግ የለንም አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም እንዲጠየቅ ያዛል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ እኛ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶናል። ስንቶቻችን አንብበናቸዋል?

ማሽኑ ፋይል ይፈልግ፤ ወረፋ ያስተካክል፤ የጠፋ ሰነድ ያግኝ፤ በዚህ ማንም አይጣላውም። ሰውን ማሰር፣ ከእርዳታ ዝርዝር መሰረዝ፣ ልጅን ከወላጅ መለየት፣ ዜግነትን መጠራጠር ግን ፊት ለፊት ቀርቦ የሚጠየቅ፣ ባለጉዳዩን የሚሰማ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ውሳኔውን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው ሥራ ሆኖ ይቅር። እናንተ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጣችሁ ሠራተኞችም አድምጡኝ፤ «እኔ ምን ላድርግ» ማለት ዛሬ ያድናችሁ ይሆናል፤ ነገ ግን ባለጉዳይ ሆናችሁ ከመስኮቱ ወዲህ ትቆማላችሁ።

ስለዚህ ሲስተሙ ከለከለ ስትባሉ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምክንያቱን፣ የወሰነውን ሰው ስም፣ ፊርማና ቲተር ጠይቁ፤ ፕሮግራሙ ምን መረጃ ተመልክቶ እንደወሰነም ጠይቁ። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ለዕድራችሁ ስብሰባ አቅርቡት፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አቤቱታውን ጻፉላቸው። ያው የ2012ቱ አዋጅ ተቋማት የሚያወጡትን መመሪያ በረቂቅነቱ ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ያዛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያስገባው መመሪያ ረቂቁ ሲወጣ አንብቡት፤ የትኛው አንቀጽ ሰው እንዲወስን፣ የትኛው ማሽን እንዲወስን እንደሚፈቅድ ለይታችሁ፣ አስተያየታችሁን መመሪያው ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ አስገቡ።