ፕላትሌት ዝም ብሎ አይጣበቅም

ፕላትሌት ስለሚባሉት፣ ደማችን ውስጥ ስላሉት ጥቃቅን ሴሎች የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ፕላትሌቶች ቁስሉ ላይ ተጣብቀው ደሙን ያቆማሉ» ብሎ ማለፉ ቆጨኝ። ዋናው ነገር እኮ እንዴት ይጣበቃሉ የሚለው ነው። ደሙ እየፈሰሰ፣ ያውም በፍጥነት!

ፒያሳ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ጣት ወግቼ ጥጥ ይዤ ስጠብቅ ሁሌ ይሄን አስባለሁ። በማይክሮስኮፕ ስታዩአቸው ከቀይ የደም ሴል በጣም ያነሱ፣ ሐምራዊ ነጠብጣብ የመሰሉ ናቸው። የደም ስሩ ጤነኛ ከሆነ ውስጠኛው ሽፋን አያስጠጋቸውም። ሽፋኑ ሲቀደድ ግን ከበታቹ ያለው ኮላጅን (የደም ስሩን ግድግዳ የሚያጠነክር ፕሮቲን) ይጋለጣል። ቮን ቪልብራንድ ፋክተር የሚባል ረጅም ፕሮቲን ኮላጅኑ ላይ ይለጠፋል። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው፤ እንደ ክር ተጠቅልሎ የነበረው ፕሮቲን የደሙ ፍሰት ሲጎትተው ይዘረጋል፣ ፕላትሌት የሚይዝበት ቦታም ያኔ ይገለጣል። ፕላትሌቱ መጀመሪያ ይንከባለላል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ ራሱ ኮላጅኑን ጨብጦ ይቆማል። ቅርጹን ቀይሮ እጅ መሰል ነገር ያወጣል። ሌሎቹንም በኬሚካል ይጠራል።

አስፒሪን የሚያዳክመው ይሄን የመጥራቱን ሥራ ነው። ፕላትሌት ኒውክለስ (የሴል ማዘዣ ማዕከል) ስለሌለው አስፒሪን ያገደበትን ኢንዛይም (ለጥሪው ኬሚካል መሠራት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን) መልሶ አይሠራም፤ ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደታገደ ይቆያል። ስለዚህ እናቶቼ፣ ጥርስ ልታስነቅሉ ስትሄዱ አስፒሪን እንደምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩት። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት፣ በተለይ ለልብ የታዘዘላችሁ።