ዳኛ ሲገኝ ተናገር

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ለማየት በገባሁበት ዲኤስቲቪ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ፣ የማንችስተር ዩናይትድን ቀይ ማሊያ የለበሰ ወጣት ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ጋሼ፣ ዳኞች እኮ ትልቅ ቡድን አይወዱም» አለኝ። ዳኞች ለትልልቆቹ ያዳላሉ የሚለውን ክስ ስሰማ ስለኖርሁ ለምጄዋለሁ። ሃያ ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ደጋፊ ግን ራሱን እንደ ተገፋ ድኻ ቆጥሮ አቤት ሲል ስሰማ፣ የያዝሁትን ሻይ መዋጥ አቃተኝ።

ልጁ ማስረጃም አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሊቨርፑል በቶተንሃም ሜዳ ሲጫወት ሉዊስ ዲያዝ ያገባት ንጹሕ ጎል ከጨዋታ ውጭ ተብላ ተሻረች፤ በቪኤአር (የቪዲዮ ረዳት ዳኝነት) ክፍል የተቀመጠው ዳኛ ደግሞ ሜዳ ላይ የተወሰነው «ጎል» የሚል መስሎት ምርመራውን ዘጋው። «ታዲያ ሊቨርፑል ትንሽ ቡድን ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ጎል ገባና ቤቱ በሙሉ ስለ ተነሣ ሳልናገረው ቀረሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይሉ ነበር፤ ከምሳሌያዊ ንግግሮች ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። በበላ ልበልሃ ዘመን ሁለት የተጣሉ ሰዎች በመንገድ ያገኙትን አንድ ትልቅ ሰው አቁመው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር፤ በሙግቱም መካከል ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር። መንገደኛው ዳኛ ከተሟጋቾቹ አንዱ ባለጸጋ፣ ሌላው ጭሰኛ መሆኑን በአለባበሳቸው አይቶ ሳይፈርድ በፊት ምን ያስብ እንደ ነበር የሚነግረን የለም፤ እንጠርጥር ከተባለ ግን መጠርጠር ይቻላል። ከዚያ ሥርዓት ወደ እኛ ዘመን በደኅና የተሻገረው ውርርዱ ብቻ ነው። ዛሬ አምስት ጨዋታ በአንድ ትኬት አያይዞ ያስያዘ ጎረምሳ አራቱ ተሳክተው አምስተኛው ሲከሽፍበት «ዳኛው ተገዝቷል» ብሎ ይጮኻል። ማን ገዛው? በአንተ አሥር ብር ምክንያት ሰውየው ነፍሱን ሸጠ? የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ተገዝቷል የሚለው ሁሉ ገዢውን አያሳይም፣ ዋጋውንም አይናገርም። በጣልያን እ.ኤ.አ. በ2006 ጁቬንቱስ ከዳኞች አመዳደብ ጋር በተያያዘው ቅሌት ሁለት ዋንጫ ተነጥቆ ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ሴሪ ቢ ሲወርድ፣ ለፍርድ የቀረበው በስልክ የተቀዳ ንግግር እንጂ የደጋፊ ጩኸት አልነበረም።

እኔ ያለማስረጃ አልናገርም። ጥቅምት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. አርሰናል 49 የሊግ ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ ቆይቶ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሜዳ፣ ወደ ኦልድትራፎርድ ሄደ። በ73ኛው ደቂቃ፣ በዚያች ዕለት 19 ዓመት የሞላው የዩናይትዱ ዋይኒ ሩኒ የአርሰናሉ ሶል ካምቤል እግር ዘንድ ሲደርስ ወደቀ፤ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ቫን ኒስተልሮይ አገባ፤ ሃምሳኛውም ጨዋታ 2 ለ 0 አለቀ። የዚያ ዳኛ ስም ከዚያ ወዲህ በቤቴ አይጠራም፤ ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ዳኞች የበላይ ኃላፊ ሆኖ መሾሙን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከጨዋታው በኋላ በዩናይትዱ አሠልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ላይ ፒዛ መወርወሩን አንዳንዶች እንደ ነውር ያወሩታል፤ እኔ እንደ ይግባኝ ነው የማየው። አርሰናልስ ትልቅ ቡድን አይደለምን የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሆነው ሆኖ ዳኛው ጉቦ ሳይቀበልም ሊያዳላ እንደሚችል ለማወቅ ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም፤ በአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃል። ጥበቃው በእግር የመጣውን ሰው ቦርሳውን ያስከፍታል፣ ኪሱን ይዳስሳል፤ መስታወቱ የጠቆረ ቪ ኤይት ሲመጣ ግን በሩን ከፍቶ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል። ባለመኪናው ሰባራ ሳንቲም አልሰጠውም። እንዲያውም ውስጥ ማን እንዳለ ጥበቃው አላየም። ነገ ስልክ ተደውሎ «አንተ ነህ የፈተሽኸው?» የሚባለው የትኛውን እንግዳ ቢፈትሽ እንደሆነ ግን አሳምሮ ያውቃል። በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ፊሽካውን አፉ ላይ ያደረገ ዳኛም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ጥናቱም ከዚህ አይርቅም። በስፔን ሊግ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ ዳኞች ለባከነ ሰዓት የሚጨምሩት ወደ ሁለት ደቂቃ ሲሆን፣ በአንድ ጎል ሲበለጥ ግን ወደ አራት ደቂቃ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ 40 ዳኞች የሊቨርፑልና የሌስተርን ጨዋታ በቪዲዮ እንዲያዩ ተደርጎ፣ የተመልካቹን ጩኸት እየሰሙ የፈረዱት ድምፅ ከተዘጋባቸው ይልቅ በባለሜዳው ላይ 15 ከመቶ ያህል ያነሰ ጥፋት ቆጠሩ። በኮሮና ጊዜ ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑ በእንግዳ ቡድኖች ላይ የሚመዘዘው ካርድ ቀነሰ። ለወጣቱ ያዘጋጀሁት መልስ ይህ ነበር፤ ዳኛን የሚያጎብጠው ጩኸት ነው፣ ትልቅ ቡድን ደግሞ ጩኸት አያጣም፤ ዲያዝ ያገባው በቶተንሃም ሜዳ ነውና የቶተንሃም ደጋፊ ጮኸ። የቪኤአር ክፍሉ ከስታዲየሙ ርቆ የሚገኝ፣ ጩኸት የማይደርስበት መሆኑ ይህን መልስ ትንሽ ያንገዳግደዋል፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም።

ትልልቆቹ ብዙ ፍጹም ቅጣት ምት የሚያገኙት በተጋጣሚያቸው ክልል ውስጥ ውለው ስለሚያመሹ ጭምር መሆኑንም አምናለሁ፤ ከአድልዎው ውስጥ ይህን ያህሉ ሊቀነስ ይገባል። የሚቀረው ደቂቃና ካርድ ቢሆንም ቀላል አይደለም። የ40ዎቹ ዳኞች ጥናት ግን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 በመሆኑ የሩኒን መውደቅ አላካተተም፤ ይህን እንደ ከባድ ጉድለት ነው የምቆጥረው።