የድሬ ዘፋኝ ስልሳ ዓመት ሲሞላው

እዚህ ካናዳ ስልሳና ሰባን ያለፉ የፖፕ ዘፋኞች ስለ ረጅም የሥራ ዘመናቸው ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ከድምፃቸው ይልቅ የሚያወሩት ስለ ዘፈን ድርሰት ነው። ግጥሙንና ዜማውን ራሳቸው ሠርተው በስማቸው ማስመዝገባቸው አቆይቷቸዋል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከከዚራ እስከ መጋላ በየሠርጉ ሥራቸው የሚዘፈን አንጋፎች አሉ፤ ዘፈኑ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት ግን የብዙዎቹ ቤት ውስጥ አይገኝም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በቀላሉ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

አሜሪካዊቷን ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ዶሊ ፓርተንን እንውሰድ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤልቪስ ፕሪስሊ አንድ ዘፈኗን ሊዘፍነው ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ የዘፈኑን የአሳታሚነት መብት ግማሹን ጠየቃት። እምቢ አለች። በ1992 እ.ኤ.አ. ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን ዓለም ሁሉ እንዲሰማው ስታደርግ፣ የደራሲነቱ ገቢ ሳይሸራረፍ የዶሊ ሆነ።

በካናዳ ሶካን የሚባል የዘፈን ደራሲያን ማኅበር አለ። የኮንሰርት አዘጋጅ ከቲኬት ሽያጩ 3 በመቶ ለማኅበሩ ይከፍላል፣ የተዘፈኑት ዘፈኖች ዝርዝር ይላካል፣ ማኅበሩም ለግጥምና ለዜማ ደራሲዎቹ ያከፋፍላል። ዝርዝሩ ካልተላከ ወይም ደራሲው የትም ካልተመዘገበ ግን ገንዘቡ ባለቤቱ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለም። የእኛ የዳያስፖራ ኮንሰርቶች ላይ ይህን ዝርዝር ማን እንደሚልክ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

አገር ቤትም ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የ2007 ዓ.ም. ማሻሻያ ደግሞ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራውን የሚጠቀሙ ለባለመብቱ የሚከፍሉት ክፍያ፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። ለማኅበሩም ሆነ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ማስረጃ ነው የሚጎድለው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ወረቀት ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። የዘፈኑ ርዕስ፣ የአዝማቹ የመጀመሪያ ስንኝ፣ ቀኑ፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ፣ ፊርማ። ድርሻው ተደምሮ 100 መምጣቱ ይታይ። ዜማው ከሐረር ወይም ከገጠር የተወሰደ የሕዝብ ዜማ ከሆነ "የሕዝብ" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ ሲድበሰበስ ነው በኋላ ሁለት ዘፋኞች አንድን ዜማ የእኔ ነው ብለው የሚካሰሱት። መፈረም ያለበት ስቱዲዮ ሳይገባ በፊት ነው። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ የሚደረግ ድርድር ወዳጅነት ያፈርሳል። ገጣሚው አንዴ ተከፍሎት ከሆነም የተሸጠው ምኑ እንደሆነ ይጻፍ፦ ለአንድ አልበም ነው ወይስ ለሁሌም? በቃል የቀረ ሽያጭ ከሃያ ዓመት በኋላ ወራሾችን ያጣላል።

ዕድሜን ታሳቢ ያደረገ አጻጻፍም አለ። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም ይይዛል፣ ስድስተኛው ላይ ያርፋል። ብልህ ገጣሚ የዜማው ከፍተኛ ኖታ የሚያርፍበትን ቀለም ቀድሞ ያውቀዋል፤ እዚያ ቦታ "ና" ወይም "ማ" ያለ ራብዕ ያስቀምጣል፣ አፍ ተከፍቶ ድምፅ ይወጣልና። "ን" ወይም "ብ" ያለ ሳድስ ከተቀመጠ ዘፋኙ በሠላሳ ዓመቱ በጉልበት ይወጣዋል፣ በስልሳ ዓመቱ ግን ጉሮሮው ይታነቃል። ድሬ ላይ ሥራው ይከብዳል፤ አንድ ዜማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ ሊዘፈን ይችላል። በኦሮምኛ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ስለሚለውጥ፣ ለአማርኛ በተሠራ አጭር ኖታ ላይ ረጅም አናባቢ ቢጨፈለቅ ሰሚው ሌላ ቃል ይሰማል። ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የወጣው ዘፋኝ ዓሊ ቢራ እስከ ዕረፍቱ፣ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በበርካታ ቋንቋዎች ሲዘፍን የኖረው ይህን ጥበብ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ድምፅ ሲወርድ ኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበትን ከፍታ፣ ማውረድ ነውር አይደለም። ኪይቦርድ ላይ ትራንስፖዝን አንዴ መጫን ዘፈኑን በግማሽ ቶን ያወርደዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የዜማው የታችኛው ኖታ ይጠፋና ማይኩ ትንፋሽ ብቻ ያነሳል። ኡድ ካለ ክፍት አውታሮቹ ከአዲሱ ኪይ ጋር ስለማይገጥሙ እንደገና ይቃኛል፤ ሳክስፎኒስቱም የጣት አጣጣሉ በሙሉ ይቀየርበታል፣ ስለዚህ በልምምድ እንጂ መድረክ ላይ አይነገረውም። ከፍ ያለው ዘፈን መጀመሪያ አይዘፈን፤ ሦስት አራት ዘፈን ጉሮሮውን ካሟሟቀ በኋላ ይግባ። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ሲነፋ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ወደ ጎን ይዙር። ጫትም አፍ ያደርቃል፤ ለብ ያለ ውሃ በየመሃሉ መጎንጨት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው የቆዩት ካሴቶች ጉዳይ ነው። ከማጫወት በፊት የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጠረግ፣ ካሴቱ ውስጥ ቴፑን ራስ ላይ የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ እንደሆነ ይታይ፤ ከወደቀ ድምፁ ይታፈናል። ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው ቅጂ በኤምፒ3 ሳይሆን ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዌቭ፣ 24 ቢት ይሁን። ሲገለበጥም ገጣሚው ወይም የዜማ ደራሲው በሕይወት ካለ አጠገቡ ይቀመጥና፣ እያንዳንዱ ዘፈን ሲጀምር ማን ምኑን እንደሠራ ይናገር፤ በስልክ ተቀድቶ በዚያው ቀን ወረቀት ላይ ይስፈርና ይፈረምበት።