ቢላ የተሳለበት ድንጋይ

ወገኖቼ፣ የመንዝ ልጆች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለአጎቴ ተዝካር አገር ቤት ሄጄ ነበር። ጓሮ በኩል ሰንጋ ተጥሏል። አንድ ጎረምሳ ቁጢጥ ብሎ ቢላ ይስላል። ስለቱን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርገው ከስሩ አንድ ፊደል ብቅ አለች። ሕ። ጠጋ ብዬ በመዳፌ ጠረግኩት። «በአገሬው ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት ተሠራ» ይላል። ከዚያ በታች ዓመተ ምሕረቱ ነበር። አሁን የለም። ቦታው እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል።

ያን ድንጋይ ታውቁታላችሁ። ከአሮጌው ትምህርት ቤታችን በር በላይ የነበረው ነው።

አዲሱ ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ሲሠራ አሮጌው ተዘጋ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ሄደ። ቀጥሎ የጥድ እንጨቱ። ከዚያ ግድግዳው እየፈረሰ አጥርና በረት ሆነ። ማን ወሰደው ብላችሁ አትጠይቁ። የሁላችንም ቤት ውስጥ አለ። የአባቴም በረት ውስጥ አለ።

አያቶቻችን በጓሳ ሣር ከድነው ነው የጀመሩት። በኋላ በግና ገብስ ሸጠው ቆርቆሮ አለበሱት። ድንጋዩን በጫንቃቸው ያመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። ከበሩ በላይ ያስቀረጹትን ጽሑፍ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ማታ ማታ በፋኖስ የተማረችው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ያነበበችው ነገር ያ ድንጋይ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ሁሌ ድምፅዋ ይለወጣል። አሁን ምን ሆነ ብዬ ልንገራት?

አንኮበር ወጥተን የምኒልክ ግቢ የነበረበት ላይ ፎቶ እንነሳለን። ቅርስ ሲባል የነገሥታት ብቻ ይመስለናል። የገዛ አያቶቻችን ላብ ግን ቢላ ይሳልበታል። እንዴት አያሳፍረንም?

እኔስ ብትሉ፣ እኔ ከሁላችሁም እብሳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የአገር ልጆች ደውለው፣ በቦታው መታሰቢያ እናቁም፣ አዋጣ አሉኝ። «የሚደርስብኝን ንገሩኝ» አልኩ። ነገሩኝ። አልከፈልኩም። ሌላውም እንደኔ ሆነና ነገሩ በዚያው ቀረ። ያኔ ዓመተ ምሕረቱ ገና ይነበብ ነበር። በተዝካሩ ቀንም ቢሆን ጎረምሳውን ተው አላልኩትም። በዚያ ድንጋይ ላይ በተሳለ ቢላ የተቆረጠ ሥጋ በልቼ ነው የተነሳሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን መታሰቢያ እናቁም ብንል ምን ዓመተ ምሕረት እንጽፋለን? ሦስት ሽማግሌዎች ጠየቅኩ። ሦስቱም የተለያየ ዓመት ነገሩኝ። የሚስማሙት ጃንሆይ ሳይወርዱ መሆኑ ላይ ብቻ ነው።

እባካችሁ የአባቶቻችሁን ሣጥን ፈትሹ። የመዋጮ ደረሰኝ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ፣ በሩ ላይ የተነሳችሁት ፎቶ አይጠፋም። ቦታው ባዶ ሜዳ ቢሆንም ገና ማንም አላረሰውም።

የአጎቴን ባለቤት ድንጋዩን ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ውሰደው ልጄ፤ ግን ሌላ መሳያ አምጣልኝ» አሉኝ። ሞረድ ገዝቻለሁ። ለጥምቀት እወስድላቸዋለሁ። ድንጋዩ ግን ለብቻዬ አይነሳልኝም። ሁለት ሰው ያስፈልገኛል።